የሟች ጓደኛ መጻሕፍት፦ እናንተ ምን አደረጋችኋቸው?

የበሬሳ ማዶ (ደብረ ብርሃን)

ሰላም ለናንተ ይሁን። ጥያቄ ይዤ መጥቻለሁ። የሞተ ጓደኛችሁ ይወዳቸው የነበሩ መጻሕፍት እጃችሁ ገብተው ያውቃሉ? አነበባችኋቸው? አስቀመጣችኋቸው? ለሰው ሰጣችኋቸው?

የኔን ላስረዳ። አብሮ አደጌ ካረፈ ዓመት ሊሞላው ነው። የደብረ ሲና ልጅ ነበር። ለትምህርት ደብረ ብርሃን መጥቶ አንድ ክፍል ገባን፣ ከዚያ ወዲያ አልተለያየንም። ያንን የደብረ ብርሃን ብርድ እየተንቀጠቀጥን ስንመላለስ ወሬያችን ሁሉ መጽሐፍ ነበር። እሱ ያነበበውን ሳይተርክልኝ አያድርም። እኔ ደግሞ ካልተቃወምኩ አይሆንልኝም። እሱ የልብ ወለድ ሰው፣ እኔ የታሪክ ሰው። ስንከራከር ይመሻል።

በቅርቡ እናቱ ጠሩኝና በካርቶን የታሸጉ መጻሕፍቱን አስረከቡኝ። "እኔ ማንበብ አልችል። እዚህ ቢቀመጥ አይጥ ነው የሚበላው። አንተ ታውቅበታለህ፣ ውሰደው ልጄ" አሉኝ። እምቢ አይባል ነገር።

ጓደኛዬ ገጽ አያጥፍም ነበር። ምልክት የሚያደርገው በክብሪት እንጨት ነው። አሁን የትኛውንም መጽሐፍ ስከፍት የክብሪት እንጨት ዱብ ይላል። በእርሳስም ያሰምራል። ቀጥ ያለ መስመር አለ። የተጥመዘመዘ መስመር አለ። ዳር ላይ ደግሞ "ኧረ?" የምትል ቃል አለች። እሷን ባየሁ ቁጥር ድምፁ ይሰማኛል። ቅንድቡን ሰቅሎ እንደዚያ ነበር የሚለው።

ከሁሉም አብልጦ የሚወደው የዳኛቸው ወርቁን "አደፍርስ" ነው። እኔ ደግሞ ጀምሬ የተውኩት መጽሐፍ እሱ ነው። እሱ "አማርኛ እንዲህ ተጽፎ አያውቅም" ይላል። እኔ "ማን እንደሚያወራ እንኳ አይለይም" እላለሁ። ክርክሩ ሳያልቅ እሱ ሄደ። አሁን የሱ ቅጂ ጠረጴዛዬ ላይ ነው። ላነበው እፈልጋለሁ። የምፈልገው ግን እሱን ፍለጋ ነው እንጂ ለመጽሐፉ ብዬ አይደለም። እንዲህ አድርጎ ማንበብ ይቻላል? ደግሞስ እሱ ካሰመረበት አጠገብ እኔም ላስምር ወይስ እንዳለ ልተወው?


ጉም ለባሽ (ደብረ ሲና)

ነፍስ ይማር ወንድሜ። እግዚአብሔር ያጽናህ። እናታቸውንም ያጽናልን።

"አደፍርስ"ን የሚወድ የደብረ ሲና ልጅ ቁም ነገሩ ገብቶታል ማለት ነው። ዳኛቸው ወርቁ ራሱ እዚሁ ደብረ ሲና ነው የተወለደው። መጽሐፉ የወጣው በ1962 ዓ.ም. ነው። ታሪኩም የሚካሄደው እኛው አገር ነው። ከዩኒቨርሲቲ ለአገልግሎት የመጣ አንድ ወጣት፣ እነ ወይዘሮ አሰጋሽን የመሰሉ ባለርስቶች፣ አሮጌውና አዲሱ የሚላተሙበት ጊዜ። እኛ ልጅ ሆነን ሽማግሌዎች በየደጃፉ ሲያወሩት የሰማነው አማርኛ እዚያ ውስጥ ቁጭ ብሏል።

አንተ ያልከው ችግር የብዙ ሰው ችግር ነው። መጽሐፉ አብዛኛው ንግግር ነው። ደራሲው እጅህን ይዞ "እንዲህ አለ፣ እንዲህ አለች" እያለ አይወስድህም። ሰዎቹ ያወራሉ፣ አንተ ከአነጋገራቸው ትለያቸዋለህ። የባለርስቷ አንደበት ሌላ ነው፣ የተማሪው ሌላ ነው፣ የቄሱ ሌላ ነው። በዓይን ብቻ የሚያነብ ሰው ይሄ ይጠፋዋል። ስለዚህ ድምፅህን አውጥተህ አንብበው። ሁለት ሦስት ገጽ ስትሄድ ጆሮህ ይለምደዋል። ከዚያ ማንም ሳይነግርህ ማን እንደሚናገር ታውቃለህ።

የሚያዳምጥህ ሰው ካለ ደግሞ የበለጠ ነው። እናታቸው አሉ አይደል? ማንበብ አልችልም አሉ እንጂ መስማት አልችልም አላሉም። ጣርማ በርን ተሻግረህ አንድ ቅዳሜ ና። አንብብላቸው።


ቀጥተኛው (ዓለም ከተማ)

ነፍሱን በገነት ያኑርልን። እኔ ግን የተለየ ሐሳብ አለኝ፣ እንዳትቀየሙኝ።

ሰው መጽሐፍ ውስጥ የለም። ያለው እርሳስ ነው። መስመሩን እያየህ "እዚህ ጋ ምን አስቦ ነበር?" ስትል ብትውል የምታገኘው የራስህን ሐሳብ ነው። እሱን አይደለም። ደግሞ ጎጂ ጎን አለው። አንድ ዘመዳችን ሲሞት መጻሕፍቱ "ማስታወሻ ናቸው" ተብለው ሣጥን ውስጥ ተቆለፉ። ማንም አይንካቸው ተባለ። ኋላ ሲከፈት ምስጥ ጨርሷቸዋል። ስንት ተማሪ መጽሐፍ አጥቶ በሚንከራተትበት አገር! አሁንም ሳስበው ቆሽቴ ያርራል።

ጓደኛህ ያነበበውን ለሰው ሳይተርክ አያድርም ነበር ብለሃል። በቃ፣ እሱን የምታገኘው እዚያ ላይ ነው። መጻሕፍቱን ለሚያነቡ ልጆች ስጥ። ስታዋስም ቁጭ ብለህ ተርክላቸው። የሱን ሥራ ቀጥል ነው የምልህ።

ከመስጠትህ በፊት ግን ዝርዝራቸውን ጻፍ። የኛ አገር ሰው፣ መርሐ ቤቴ የተወለዱት ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ፣ ገና በ1904 ዓ.ም. በኢትዮጵያ የሚገኙትን የግዕዝና የአማርኛ መጻሕፍት ዝርዝር አዘጋጅተው አሳትመዋል። ለአንድ አገር መጻሕፍት ያን ያህል የተለፋ ከሆነ፣ ለአንድ ጓደኛ መጻሕፍት አንድ ደብተር አይበዛም።


መደርደሪያ (ደብረ ብርሃን)

የምሠራው ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ስለሆነ ስለ አያያዙ ልናገር። ክርክሩን ለናንተ ትቻለሁ።

መጀመሪያ ክብሪቶቹን አውጣቸው። አውቃለሁ፣ ያሳዝናል። ግን የክብሪቱ ራስ ወረቀት ላይ ምልክት ይተዋል። እንጨቱም መጽሐፉ ሲጫን ገጹን ያጎደጉደዋል። ከማውጣትህ በፊት እያንዳንዱን ገጽ እንዳለ በስልክህ ፎቶ አንሣው። ከዚያ በክብሪቱ ቦታ ስስ ነጭ ወረቀት ቆርጠህ አስገባ። ወረቀቱ ላይ የገጹን ቁጥር በእርሳስ ጻፍ። እንዲህ ካደረግህ ምልክቱ አይጠፋም፣ መጽሐፉም አይጎዳም።

ሁለተኛ፣ ካርቶኑን ከሲሚንቶ ወለል ላይ አንሣ። የኛ ከተማ ክረምት እንዴት እንደሆነ ታውቃለህ። እርጥበቱ ከሥር ይመጣና ሳታየው ሻጋታ ይጀምራል። እንጨት ላይ አድርገው፣ ከግድግዳውም ትንሽ አርቀው። ሻጋታ የጀመረው ካለ ለብቻው ለየው። ብዙ ሰው መጽሐፍ ፀሐይ ላይ ያሰጣል። ፀሐይ ወረቀቱን ያደርቀዋል፣ ያጣምመዋል፣ ቀለሙንም ይበላዋል። ጥላና ነፋስ ያለበት ቦታ ገለጥ ገለጥ አድርገህ አናፍሰው። ከምድጃና ከጭስም አርቀው።

ሦስተኛ፣ የተቀደደውን በፕላስተር አትለጥፍ። ፕላስተር ሲቆይ ይቢጫል፣ ሙጫው ወረቀቱ ውስጥ ይገባል፣ ከዚያ ላውጣህ ቢሉት ገጹን ይዞ ነው የሚነሣው።

ስለ ማስመሩ፦ እስክሪብቶ በፍጹም አይነካው። የራስህን ሐሳብ ለብቻው ደብተር ላይ የገጹን ቁጥር እየጠቀስክ ጻፍ። መጽሐፉ ላይ መጻፍ አለብኝ ካልክም በእርሳስ ይሁን። ከሱ እንዲለይ አንድ የራስህ ምልክት ይኑርህ። ከሃያ ዓመት በኋላ የሚያነበው ሰው የማን እጅ እንደሆነ ማወቅ አለበት።


እትዬ ሮቢት (ሸዋ ሮቢት)

ልጆቼ፣ እንዴት ዋላችሁ። ጡረታ የወጣሁ መምህርት ነኝ። ይሄን ሳነብ ሆዴ ባባ።

ወጣት ሆነን ሁለት ሴት መምህራን አንድ ገጠር ትምህርት ቤት ተመድበን ነበር። አንድ ክፍል ተከራይተን እንኖራለን። መብራት የለም፣ ኩራዝ ነው። ጓደኛዬ የሐዲስ ዓለማየሁን "ፍቅር እስከ መቃብር" ይዛ ነበር የመጣችው። ያ መጽሐፍ በ1958 ዓ.ም. ከወጣ ወዲህ ያልዞረበት ቤት የለም። የሷም ቅጂ መምህሩ ሁሉ ሲቀባበለው የመጨረሻዎቹ ገጾች ተገንጥለው ጠፉ። ማን እንደጣላቸው አልታወቀም።

እሷ ምን አደረገች መሰላችሁ። ክረምት ላይ አዲስ አበባ ስትሄድ ከዘመድ ሙሉውን ቅጂ ተውሳ የጎደለውን በእጇ ገለበጠችው። የተማሪ ደብተር ወረቀት ላይ፣ በሰማያዊ እስክሪብቶ። ከዚያ በመርፌና በክር ከመጽሐፉ ጋር ሰፋችው። አሁን ያ መጽሐፍ እኔ ቤት ነው። ከታተመው ገጽ ወደ እሷ ገጽ ስትሻገሩ መጀመሪያ ፊደሉ የጥቁር ሰሌዳ ፊደል ነው፣ ቀጥ ያለ፣ የተለካ። እየቆየ ይዘማል። ይቸኩላል። ታሪኩ ወደ መከራው ሲገባ ደግሞ መስመሩን ይለቃል። አንድ ቦታ ላይ አረፍተ ነገሩ መሐል ላይ ተቋርጧል። ዳር ላይ በትናንሽ ፊደል "እዚህ ላይ አልቻልኩም፣ ነገ እቀጥላለሁ" ብላለች። የሚቀጥለው ቃል በጥቁር እስክሪብቶ ነው የተጻፈው።

ጓደኛዬን ሕመም ወሰዳት። ልጆቿ ብዙ ነገር ሰጥተውኛል። ነጠላዋ አለ፣ ፎቶዋ አለ። ካለኝ ሁሉ ግን ያቺ የተቋረጠች አረፍተ ነገር ትበልጥብኛለች። ልጄ ቀጥተኛው፣ ሰው መጽሐፍ ውስጥ የለም ብለሃል። እኔ እዚያ ገጽ ላይ አንድ ሌሊት አገኛለሁ። እሷ ያዘነችበትን አንድ ሌሊት። እኔ ለሰብለ ወንጌል ሳለቅስ እሷ ለጉዱ ካሣ ነበር የምትቆረቆረው። "እውነት የሚናገር ሰው እብድ የሚባልበት አገር" እያለች ትበሳጭ ነበር። እጇ የዛለው የቱ ጋ እንደሆነ ሳይ ያ ቁጣዋ ይገባኛል።

ወጋየሁ ንጋቱ በሬዲዮ የተረከውን የልጅ ልጆቼ ስልኬ ላይ ጭነውልኛል። እሱን እየሰማሁ መጽሐፉን እከተላለሁ። እሷ የጻፈችው ጋ ስደርስ ግን ሬዲዮውን አጠፋዋለሁ። እዚያን እኔው ነኝ የማነበው።

የበሬሳ ማዶ፣ አንብበው ልጄ። ለምን እንደምታነበው ብዙ አትመራመር።


ጭላዳ (ደብረ ብርሃን)

እኔ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነኝ። የኛ ትውልድ ነገር ትንሽ ይለያል። የዶርም ጓደኛዬ ባለፈው ዓመት አረፈ። ሁሉንም የሚያነበው በስልኩ ነበር። ፒዲኤፍ ከቴሌግራም አውርዶ ሌሊቱን ሙሉ ያነባል። ስልኩ በይለፍ ቃል ተዘግቷል። ቤተሰቦቹም መክፈት አልቻሉም። ስለዚህ ያሰመረበትን ማየት አይታሰብም።

የቀረኝ አንድ ነገር አለ። ግጥም ሲያነብ ደስ ያለውን በድምፅ ቀድቶ ይልክልኝ ነበር። እሱ ተኝቶ፣ ብርድ ልብስ ተከናንቦ፣ ሌሎቹን እንዳይቀሰቅስ በሹክሹክታ። ያኔ ብዙዎቹን ሳልሰማ አልፌያቸዋለሁ። አሁን አንድ በአንድ እየሰማሁ ግጥሞቹ የማን እንደሆኑ እየፈለግኩ ነው። ደራሲውን አይናገርም ነበር። ያገኘሁትን መጽሐፍ ገዝቼ አነባለሁ።

ድምፅ ያላችሁ ሰዎች ከስልክ ስልክ ስትቀይሩ እንዳይጠፋባችሁ ሌላ ቦታም አስቀምጡ።


የበሬሳ ማዶ (ደብረ ብርሃን)

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። እትዬ፣ የጻፉትን ለባለቤቴም አነበብኩላት፣ ሁለታችንም ዝም አልን።

ቅዳሜ ደብረ ሲና ሄድኩ። ጉም ለባሽ እንዳልከኝ "አደፍርስ"ን ይዤ። እናቱ ምጣድ ጥደው ገብስ ይቆላሉ። "የልጅዎን መጽሐፍ ላነብልዎ ነው የመጣሁት" ስላቸው "እኔ ምን ይገባኛል ብለህ" አሉ። ግን በርጩማ አቀረቡልኝ።

ጀመርኩ። መጀመሪያ ላይ ገብሱን እያማሰሉ ዝም አሉ። እኔም ምላሴ ተሳሰረ። ከዚያ ወይዘሮ አሰጋሽ የሚናገሩበት ቦታ ላይ ስደርስ ማማሰያውን አቁመው "ይቺን ሴትዮ አውቃታለሁ" አሉኝ። መጽሐፍ ነው፣ የፈጠራ ታሪክ ነው ብላቸው አልሰማ አሉኝ። "አውቃታለሁ ስልህ! እናቴ እሷን ከመሰለች ሴት ቤት ነው ያደገችው" ብለው ስለዚያች ሴት አጫወቱኝ። ቆሎው ትንሽ አረረ።

ትልቁ ነገር የመጣው ኋላ ነው። የተጥመዘመዘ መስመር ያለበት አንድ አባባል ላይ ደረስኩ። ግማሹን ሳነብ እናቱ ቀደሙኝና ጨረሱት። ቃል በቃል ማለት ይቻላል። ሌላ የተጥመዘመዘ መስመር ፈልጌ ገለጥኩ። እሱንም ጨረሱት። ሦስተኛውን አላወቁትም፣ አራተኛውን "ይሄማ የእናቴ ነው" አሉ። ቀጥ ያለ መስመር ያለበትን ሳነብላቸው ግን ምንም አይሉም።

ገባችሁ? ስንት ዘመን አብረን ስንኖር ይሄን ነግሮኝ አያውቅም። የተጥመዘመዘው መስመር ቤቱ ውስጥ የሰማው ነገር ነው። እናቱ ሲሉት፣ አያቱ ሲሉት። "አማርኛ እንዲህ ተጽፎ አያውቅም" ሲለኝ እኔ ስለ አጻጻፍ ስልት የሚያወራ መስሎኝ እከራከረው ነበር። እሱ የሚያወራው ስለ እናቱ ነው። የሳቸውን አነጋገር መጽሐፍ ውስጥ ታትሞ አግኝቶታል። ከከተማ ልጆች መሐል ቁጭ ብሎ የቤቱን ወሬ ያነብ ነበር።

ቀጥተኛው፣ አንተ እርሳስ ብቻ ነው ያለው ብለሃል። ለብቻዬ ባነበው ኖሮ እውነትህን ነበር። የመስመሩን ትርጉም ያገኘሁት እሳቸው ስላሉ ነው።

እሳቸውም የሚቀጥለውን ቅዳሜ እየጠበቁ ነው። "ያቺ ሴትዮ ምን ሆነች?" ብለው ዛሬ ጠዋት ደውለውልኛል።


ዲያቆን ዘመንዝ (መሐል ሜዳ)

እግዚአብሔር ነፍሱን ከቅዱሳን ጋር ይደምርልን። የተጻፈው ሁሉ ልቤን ነካኝ።

እኔ የቆሎ ተማሪ ሆኜ አብሮኝ የተማረ ወንድም ነበረኝ። ዳዊቱ ብራና ነው፣ ከአያቱ የወረደ። እንደምታውቁት በብራና መጽሐፍ ላይ በየጸሎቱ መጨረሻ የባለቤቱ ክርስትና ስም ይጻፋል። መጽሐፉ ወደ ሌላ ሰው ሲዛወር የፊተኛው ስም ይፋቅና የአዲሱ ይገባል። በዚያ ዳዊት ላይ የአያቱ ስም ተፍቆ የሱ ስም ገብቷል። የተፋቀበት ቦታ ዛሬም ሻካራ ነው፣ በጣት ይታወቃል።

ወንድሜ ሲያርፍ ዳዊቱን ለኔ አወረሱኝ። ስሙን ፍቄ የኔን እንዳስገባ መምህሩ ፈቀዱልኝ። አላደረግኩትም። ስጸልይ የሱን ስም እንዳለ እጠራለሁ፣ የራሴን በቃል እጨምራለሁ።

የበሬሳ ማዶ አንድ ነገር ልንገርህ። ዳዊት በሳምንት የተከፈለ ነው። ሰኞ ከ1 እስከ 30፣ ማክሰኞ ከ31 እስከ 60፣ ረቡዕ ከ61 እስከ 80፣ ሐሙስ ከ81 እስከ 110፣ ዓርብ ከ111 እስከ 130፣ ቅዳሜ ከ131 እስከ 150። እሑድ መኃልየ ነቢያትና መኃልየ መኃልይ ነው። ወንድሜም በሕይወቱ ሰኞ ሰኞ የሚያነበው ይሄንኑ ከ1 እስከ 30 ያለውን ነበር። ቀን ያለው ንባብ ሰውን ያጸናል። ከእናቱ ጋር የጀመርከውን ቅዳሜ አትልቀቀው። ሥራ ቢበዛብህም፣ መንገዱ ቢከብድህም።


የጓሳ ልጅ (መንዝ)

እኔስ ምንም ያልቀረልኝ ምን ላድርግ? ጓደኛዬ መጽሐፍ አልነበራትም። የምታነበው ሁሉ የትምህርት ቤቱ ቤተ መጻሕፍት ነበር። አስምራ ብትሆን እንኳ የት እንዳለ አላውቅም።

የነበራት በቃሏ ነው። የከበደ ሚካኤልን "ታሪክና ምሳሌ" ከዳር እስከ ዳር ትወርደዋለች። እሳቸው የኛው የመንዝ ሰው ናቸው እያለች ትኮራም ነበር። በግ ስንጠብቅ ትልልኝ ነበር። ሁሌ የምንጣላው "አዝማሪና የውሃ ሙላት" ላይ ነው። አዝማሪው ሙላት አላሻግር ሲለው ማሲንቆውን አውጥቶ ወንዙን ያወድሰዋል፣ እንዲጎድልለት። ያወደሰው ውሃ እየሄደ ሌላ ውሃ ይመጣል። እኔ "ቂል ነው፣ ውሃ ይሰማል እንዴ?" እላታለሁ። እሷ ለአዝማሪው ታደላለች። "እስኪጎድል መጠበቁ ካልቀረ እየዘፈነ ይጠብቅ እንጂ፣ ምን አጠፋ?" ትለኛለች። ግጥሙ የሚለው የኔን እንደሆነ ታውቃለች። ግን አትሸነፍም።

ሴት ልጅ ትታ ነው የሞተችው። ልጅቷ አሁን ፊደል ቆጥራለች። ግጥሙን ላስተምራት ፈልጌ መጽሐፉ የለኝም። በቃሌ የያዝኩት ይዘላል። የእናቷንም ክርክር አብሬ ልነግራት ነው ያሰብኩት።


ቀጥተኛው (ዓለም ከተማ)

የእናትየውን ነገር ሳነብ አለቀስኩ፣ አልደብቅም። አሁንም ግን መጽሐፍ መቆለፍ የለበትም ባይ ነኝ። የበሬሳ ማዶ፣ የቀሩትን ምን ልታደርጋቸው ነው?


የበሬሳ ማዶ (ደብረ ብርሃን)

አስቤበታለሁ። ከእናቱም ጋር ተመካክረናል። "አደፍርስ" ከኔና ከሳቸው አይለይም። የቀሩት ይዞራሉ። መጀመሪያ ለጓደኞቹ፣ ከዚያ ለሚያነቡ ተማሪዎች። የሚወስድ ሰው ሁለት ነገር አለበት። አንብቦ ሲመልስ ያነበበውን ለእናቱ ወይም ለኔ ይተርካል። የራሱንም ምልክት በእርሳስ ያደርጋል፣ መደርደሪያ እንዳለችው የማን እንደሆነ እንዲታወቅ። ዝርዝሩን ትናንት ጀምሬያለሁ።

የጓሳ ልጅ፣ "ታሪክና ምሳሌ" አለ። ሽፋኑ የለውም፣ ገጾቹ ግን ሙሉ ናቸው። ወደ መሐል ሜዳ በሚሄድ ሰው እልክልሻለሁ። አትመልሺው፣ ለልጅቷ ይሁን።


የጓሳ ልጅ (መንዝ)

ኧረ እግዜር ይስጥልኝ! ግን ልጅቷ መጥታ ትተርክላቸዋለች። ደብረ ሲናን አይታ አታውቅም፣ ለትንሣኤ ዕረፍት ይዣት እመጣለሁ።


መደርደሪያ (ደብረ ብርሃን)

ዝርዝሩ ላይ የመጽሐፉንና የደራሲውን ስም ብቻ እንዳትጽፍ። የታተመበትን ዓመት፣ ማተሚያ ቤቱን፣ ስንተኛ እትም እንደሆነም ጻፍ። የመጀመሪያ እትም የሆነ ካለ ከማዋስህ በፊት አሳየኝ፣ ሽፋኑን በወፍራም ወረቀት አብረን እንለብጠዋለን። ሰኞ ከሰዓት በኋላ ሥራ ቦታ አለሁ።